የአርቡ ወንበር

ሰኞ 4

«በሙከራው ሳምንት የመጨረሻ ቀን በተገኘችባቸው ክፍሎች መሠረት ለልጅዎ የሚከተሉት ትምህርቶች ተመድበውላታል፤ እንግሊዝኛ፣ ጠቅላላ ሳይንስ፣ እንዲሁም በምርጫ ትምህርት የምልክት ቋንቋ። ከፍተኛ ፊዚክስ ከምልክት ቋንቋ ጋር በአንድ ሰዓት ስለሚሰጥ አልተመደበላትም። ምደባው የመጨረሻ ነው።»

ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት። ነገ «እንዲህ አላልንም» እንዳይሉኝ።

የዚህ ትምህርት ቤት ሥርዓት ይህ ነው። አሥረኛ ክፍልን የጨረሱ ልጆች አንድ ሳምንት ሙሉ ከክፍል ክፍል እየዞሩ ይሞክራሉ። ኬሚስትሪ ይገባሉ፣ ሥዕል ይገባሉ፣ የፈለጉበት ይቀመጣሉ፤ ስም የሚጠራ የለም። አርብ ዕለት ግን የተቀመጡበት ወንበር ይያዝባቸዋል። ያ ወንበር እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ የእነሱ ነው። ወላጅ አይጠየቅም። ፊርማ የለም። የአንዲት ልጅ የወደፊት ሕይወት በመቀመጫዋ ተወሰነ ማለት ነው።

ልጄ በፊዚክስ ከክፍሏ አንደኛ ናት። ስትወለድ ክብደቷ እዚህ ግባ የማይባል ስለነበር ግራም አልኳት፤ እስከ ዛሬ ግራም ናት። እኔ የሚዛን መርማሪ ነኝ። ትንሽ ልጅ ሳለች መሥሪያ ቤቴ ወስጃት የናሱን መመዘኛ በባዶ እጅ የማንነካው ለምን እንደሆነ ገምቺ ብላት፣ «ላብም ይከብዳላ» አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ የገቡ ሰዎች እንዲህ ብለው አልመለሱልኝም። እንዲህ ያለችውን ልጅ ነው ጠቅላላ ሳይንስ የሚሏት።

«አርብ ዕለት ታመሽ ነበር?» አልኳት። አልታመመችም። «ተሳስተሽ ገብተሽ ነው?» አልተሳሳተችም። ከዚያ አንድ ነገር አለች። ይቺ ልጅ ድሮ ድምፅዋ እንደ ደወል ነበር፤ ሰሞኑን ቃሉን ታኝከዋለች። ድገሚው አልኳት። ደገመችው። ለሦስተኛ ጊዜ መጠየቅ ክብሬ አልፈቀደልኝም።

«አልቀበለውም» አልኳት።

ማክሰኞ 5

ትምህርት ቤቱ ጋ ደወልኩ። ስልካቸው ብልሹ ነው። ያነሳችው ሴትዮ ከጉድጓድ ውስጥ የምታወራ ነው የምትመስለው። «ይድገሙልኝ፣ ይድገሙልኝ» አልኳት። ዘጋችው።

በጽሑፍ አቤት እላለሁ። መልሱም በጽሑፍ።

ቅዳሜ 9

እራት ላይ ነው። ግራም ቦታ ቀይራለች። ዕድሜዋን ሙሉ በግራዬ ነበር የምትቀመጠው፤ አሁን በቀኜ ሆናለች። ከመናገሯ በፊት ደግሞ ጠረጴዛውን በጣቷ ትመታለች፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው።

«ይሄ ምን የሚሉት ዓመል ነው?» አልኳት።

«ተዋት፣ ምን አደረገችህ?» አለች እናቷ።

ስለ ምደባው ተናገርኩ። ሐኪም መሆን እንደሚቻል፣ መሐንዲስ መሆን እንደሚቻል፣ በጠቅላላ ሳይንስ ግን ጠቅላላ ሰው ብቻ መሆን እንደሚቻል ነገርኳቸው። ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ሰውዬ፣ ከጣሪያ በላይ ነው የምትጮኸው። ጎረቤት የተጣላን ይመስለዋል።»

«እኔ አልጮህኩም። እናንተ ናችሁ ቤቱን የሹክሹክታ ቤት ያደረጋችሁት።»

«የጆሮ ሐኪም ጋ እንሂድ ካልኩህ ስንት ጊዜዬ ነው?»

«ጆሮዬ ጤነኛ ነው።»

ሁለቱ ተያዩ። እነዚህ ሴቶች ሲተያዩ ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አራት ነጥብ ሁሉ አለው። እኔ ብቻ ነኝ የማላነበው።

ረቡዕ 13

ዛሬ የሆነውን በደንብ ልጻፈው፤ ነገ አጣምመው ያወሩታል።

የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት መጮኽ አለበት። ካልጮኸ ሻጩም ገዢውም የተሳሳተ ቁጥር አምነው ይለያያሉ። ይህ ደንብ ነው። እንደ ቀልድ የማየው ደንብ ደግሞ የለኝም። ዛሬ በአንድ መንገድ ላይ የሦስት ሱቅ ሚዛን መረመርን፤ አትክልት ቤቱ፣ ዱቄት ቤቱ፣ ሥጋ ቤቱ። በሦስቱም ላይ ከባዱን ብረት ጫንኩ። አንዱም አልጮኸም። ሦስቱንም በቀይ ቴፕ አሸግኩ።

ሥጋ ሻጩ ቢላውን እንደያዘ ከባንኮኒው ጀርባ ወጣ።

«ጌታዬ፣ ይጮሃል እኮ። ጆሮዬን ሊበሳው ነው።»

«እኔ ምንም አልሰማሁም።»

«እና ሚዛኑ ምን ያድርግልዎት? ይዝፈን?»

ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። አንዲት ሴትዮ ሕፃን ታቅፋ ነበር፤ ብረቱን በጫንኩ ቁጥር ሕፃኑ ፊቱን ወደ ሚዛኑ ሲያዞር አይቼዋለሁ። ሕፃን ልጅ ወደ ብዙ ነገር ይዞራል።

አብሮኝ የሚሠራው ወጣት፣ ከውፍረቱ የተነሳ ኪሎ የምንለው፣ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ አንድ ነገር አለኝ። ከንፈሩን ብቻ አየሁ። እጁን አንስቼ ማሸጌን ቀጠልኩ። መኪና ውስጥ ስንገባ ጠጋ ብሎ ጮክ አለ።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል።»

«እሱ የሚባለው ስለ ሐሜት ነው» አልኩት።

«አዎ፣ እሱም አለ» አለኝ።

ርካሽ ሚዛን እያስገቡ ማንቂያው እንዲህ ቢታመም ምን ይገርማል። ጥፋቱ የሚዛኖቹ ነው።

ሰኞ 18

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። ሲናገር እጁን አፉ ላይ የሚያደርግ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት አስተማሪ ሆነ? «በጽሑፍ ይስጡኝ» ባልኩት ቁጥር ይስቃል። በመጨረሻ ተነስቶ ተከተሉኝ አለኝና ወደ ምልክት ቋንቋ ክፍል ወሰደኝ።

መምህርቷ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች ቀጭን ሴት ናት። ያሰብኩትን አልደበቅኋትም። ቁም ነገር የሚማር ልጅ ጊዜውን በእጅ ማወናጨፍ እንደማይፈጅ፣ ልጄን ማን እንዳባበለብኝ ማወቅ እንደምፈልግ፣ ይህ ክፍል የሰነፎች መጠለያ እንደሆነ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። አፌን ትክ ብላ እያየች አስጨረሰችኝ። ከዚያ ጠመኔ አነሳችና ሰሌዳው ላይ ጻፈች።

«ሁሉንም አንብቤዋለሁ። ቀስ ቢሉ ይበልጥ ይገባኛል። ድምፅዎን ግን አይጨምሩ፤ ለእኔ ጥቅም የለውም።»

ለካ ከልጅነቷ ጀምሮ አትሰማም። ምክትሉ ይህን ሳይነግረኝ ነው ያስገባኝ። ተማሪዎቹ ሳቁ መሰለኝ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ግራም በሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። መኖሯን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አንገቷን ደፍታ፣ እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር ደብቃ።

እዚያ ክፍል ውስጥ ድምፅ የነበረው የእኔ ብቻ ነበር።

ስወጣ ጨዋ ቃል አልተናገርኩም። ያንን አልጽፈውም።

ሐሙስ 21

ሥጋ ሻጩ ከሶኛል። ሦስቱን ሚዛኖች ኪሎ እንደገና መርምሯቸዋል። ደህና ናቸው ተባለ። ቴፑ ተነሳ። እኔ ከነገ ጀምሮ ቢሮ እቀመጣለሁ። «ለጊዜው» አለ ኃላፊው። ወይም እንደዚያ ያለ መሰለኝ።

ቢሮው መስኮት የለውም።

እሑድ 24

ከሰዓት በኋላ ግራምን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ፊዚክስ አስጠናኋት። የሁለተኛውን ዓመት መጽሐፍ ነው የከፈትኩላት። ገና ሳልጨርስላት ትጨርሰዋለች። አንድ ስሌት ላይ እኔ ራሴ ምልክት ስቼ እርሳሱን ከእጄ ወስዳ አስተካከለችውና እርሳሱን መለሰችልኝ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። ይህን ጭንቅላት ይዛ!

«አትወጂውም?» አልኳት።

ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ይህችን ሰማኋት፤ «ፊዚክስ እወዳለሁ አባዬ። ፊዚክስ ግን በኋላም ይደረስበታል። ያኛው አይጠብቅም።»

«የማይጠብቀው ምንድን ነው?»

መልሷን አልያዝኩትም። መንገድ ላይ መኪና አለፈ፣ ወይም ውሃ ይፈስ ነበር። ንግግሯን እንድትጨርስ ራሴን ነቀነቅኩ፤ ስትጨርስ «ይህ ምክንያት አይሆንም» አልኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ። ላልሰማሁት ነገር ነው መልስ የሰጠሁት። ይህን የምጽፈው ለራሴ ስለሆነ ነው።

ማታ ላይ ውሃ ልጠጣ ወደ ወጥ ቤት ስሄድ እናትና ልጅ ቆመው በእጅ ያወራሉ። ልጅቷ ታሳያለች፣ እናቷ ትከተላለች፤ እናቷ ትሳሳታለች፣ ይስቃሉ። ባለቤቴ እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል። በሩ ላይ ቆሜ ሲያዩኝ እጃቸውን አወረዱ፤ ሲሰርቁ እንደተያዙ።

እኔ በገነባሁት ቤት ከእኔ የሚደበቅ ቋንቋ ገባ።

አርብ 29

አገኘሁት። መመሪያውን ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ክፍል አስወጥቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። «የትምህርት ምርጫም ሆነ ለውጥ የወላጅን የጽሑፍ ስምምነት ይጠይቃል።» የአርብ ወንበር የሚባል ነገር የትም የለም። የራሳቸው ፈጠራ ነው። እንደ ልማድ ሲጎተት መጥቶ ሕግ መሰላቸው።

አቤቱታዬን ጻፍኩ። ጠንከር አድርጌ። ግልባጭ ለጽሕፈት ቤቱ።

እናቷ አንብባው መለሰችልኝ። «ልጅቷን ጠይቀሃታል?»

«ደጋግሜ።»

«ጠይቀሃል። ሰምተሃታል ወይ ነው የምልህ።»

ፖስታውን አሸግኩ።

ማክሰኞ 3፣ አዲስ ወር

«ባቀረቡት አቤቱታ መሠረት ልጅዎ ወደ ከፍተኛ ፊዚክስ ተዛውራለች።»

አሸነፍኩ። አንድ መስመር ነው፤ ይቅርታም የለበትም፤ ቢሆንም አሸነፍኩ።

ቤት ስገባ ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ግራም አነበበችው። «እሺ አባዬ» አለች። እሺ የሚለው ቃል ከንፈር ላይ ምን እንደሚመስል አሁን አውቃለሁ። እራት ላይ በቀኜ አልተቀመጠችም። ጠረጴዛውንም አልመታችም።

የሚገርመው፣ ያ መታ መታ ጎደለኝ።

ረቡዕ 4

ሁለተኛ ደብዳቤ። ይህኛው ለሁሉም ወላጆች ነው። «የምልክት ቋንቋ ክፍል አንድ ተማሪ በመቀነሱ ቁጥሩ ከሚፈቀደው ከአሥራ ሁለት በታች ስለሆነ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ተዘግቷል። ተማሪዎቹ ወደ ሌሎች የምርጫ ትምህርቶች ይበተናሉ።»

አንድ ተማሪ።

አላልኩም ይህን። ይዘጋ ብዬ የትም አልጻፍኩም። ግልባጩን ደግሜ አነበብኩት። የለም።

እሑድ 8

ቤቱ ዝም ብሏል። ድሮም ዝም ብሎብኝ ነበር፤ አሁን ግን ለእነሱም ዝም ብሏል።

ጠዋት ግራም መጣች። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ብርሃኑ ፊቷ ላይ እንዲያርፍ ሆና ቆመች። ቀስ እያለች ተናገረች። እንደዚያ ስትናገር አንድም ቃል አልጠፋኝም። የተናገረችውን እንዳለ አስቀምጠዋለሁ፤ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ እንዳስቀመጥኩት።

«አባዬ፣ ባለፈው ዓመት ስልክ ስትደውልልኝ እኔ የምልህን ትተህ ሌላ ትመልስልኝ ነበር። አሁን ጨርሶ አትደውልም። ጓደኞችህ መምጣት ትተዋል፤ አንተም ትተሃቸዋል። እማዬ ሐኪም ጋ እንሂድ ስትልህ ትቆጣለህ። አንድ ቀን ጨርሶ ይጠፋል። ያን ቀን በምን ላናግርህ ነው? እኔና እማዬ ቀድመን እንልመደው ብለን ነው። ከዚያ አንተን ልናለማምድህ ነበር። አርብ ዕለት ፊዚክስ ክፍል በር ላይ ቆሜ ነበር፤ መምህሩ ግቢ ብሎኛል። ወንበርም ይዞልኝ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ነግሬሃለሁ። የመጀመሪያውን ቀን ሁለቴ። መጽሐፉ ላይ ደግሞ አንዴ።»

እጇን አንስታ በአየሩ ላይ አንድ ነገር ልትል ጀመረች፤ መልሳ ኪሷ ከተተችው።

የሰማሁ መስዬ ራሴን የነቀነቅኩባቸውን ጊዜያት ላስብ ሞከርኩ። አላለቁልኝም።

ሐሙስ 12

የጆሮ ሐኪሙ ክፍል። ትንሽ ሣጥን መሰል ክፍል ውስጥ አስገብተው ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሊያደርጉልኝ ሲሉ አስቆምኳቸው። መሣሪያው መቼ ነው የተመረመረው? ባለሙያዋ ግራ ተጋባች። ማኅተሙን አሳዪኝ አልኳት። አዙራ አሳየችኝ። የእኛው መሥሪያ ቤት ማኅተም ነው፤ ቀኑ አላለፈበትም። እንግዲያው አድርጊልኝ አልኳት።

ድምፅ በሰማህ ቁጥር ቁልፍ ተጫን ተባልኩ። ጠበቅሁ። ቁልፉን በአውራ ጣቴ ይዤ ጠበቅሁ። በመስታወቱ ውስጥ ባለሙያዋ የድምፁን መቆጣጠሪያ ስታዞር አያታለሁ፤ ታዞራለች፣ ታየኛለች፣ ታዞራለች። ያን ጊዜ ሕፃኑ ትዝ አለኝ፤ ወደ ሚዛኑ ፊቱን እያዞረ የነበረው።

ውጤቱ መስመር ነው። ወፍራሙ ድምፅ ላይ ትንሽ ይሄድና ቀጭኑ ላይ ሲደርስ ገደል ይገባል። ግራ ጆሮዬ ከቀኙ ይብሳል። ለዓመታት በሲሚንቶ ፋብሪካ ግቢ ጭነት መኪና የሚመዝነውን ሚዛን ስመረምር የቆየሁት ሊሆን ይችላል አለ ሐኪሙ፤ ወረቀት ላይ ጽፎ ነው ያለኝ። የመስሚያ መሣሪያ ጥቂት ይረዳል። የሄደው አይመለስም። የቀረውም ይሄዳል።

ልከራከረው አሰብኩ። መሣሪያው ግን ትክክል ነው።

ሰኞ 16

ከሥራ ስወጣ ኪሎ በር ላይ ጠበቀኝ። ፊት ለፊቴ ቆሞ አፉን ከፍቶ፣ «ጋሼ፣ ሦስቱ ሱቆች ጋ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄልዎታለሁ» አለ።

«ማን ጠይቅ አለህ?»

«ማንም። ሥጋ ሻጩ ግን ሰላም በልልኝ ብሏል። ማንቂያውን ጆሮው ላይ ልትከልለትና ይሰማው እንደሆን ልሞክር ብሏል፤ እሱ እንኳ የሥጋ ቤት ቀልድ ነው።»

አልሳቅሁም። ግን አልተቆጣሁም።

ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። የምልክት ቋንቋ ክፍሉ ወንበሮች ተደራርበዋል። መምህርቷ ሥዕሎቿን ከግድግዳ እየነቀለች ካርቶን ውስጥ ትከት ነበር፤ የእጅ ሥዕሎች፣ ጣት በጣት። ደመወዟ በክፍለ ጊዜ የሚቆጠር ነው፤ ክፍሉ ሲዘጋ እሷም ትዘጋለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለነበር መግባቴን አላወቀችም። እንዴት እንደምጠራት አላወቅሁም። ጥቂት ቆሜ፣ በመጨረሻ ጠረጴዛውን በጣቴ ሁለቴ መታሁት። ንዝረቱ ነው መሰል፣ ዞረች።

ቀስ ብዬ፣ ድምፅ ሳልጨምር፣ «እኔ ነኝ የዘጋሁብሽ» አልኳት።

አነበበችው። ካርቶኑን አስቀምጣ በአንድ እጇ አጭር ነገር አለችኝና ሥራዋን ቀጠለች። ቤት ገብቼ ለግራም በራሴ እጅ ደግሜ አሳየኋት፤ ይቅር ብላኝ ይሆናል ብዬ። ግራም እጄን ይዛ ጣቶቼን አስተካከለች።

«ይቅር አላለችህም አባዬ። ደህና ሁን ነው ያለችህ።»

ስትናገር በቀኜ ነበረች። ልብ ብያለሁ።

ማክሰኞ 17

የሚላከው ይህ ነው። ግልባጩን እዚህ አስቀራለሁ።

ለምክትል ርዕሰ መምህሩ፤

የአርብ ወንበር የሚባለው ልማዳችሁ መመሪያ የለውም ብዬ ጽፌ ነበር። ከዚያ ቃሌ አልመለስም። ልጄ ከፍተኛ ፊዚክስ ውስጥ ትቆያለች። የእኔ አቤቱታ ግን ስለ አንዲት ልጅ ምደባ እንጂ ስለ ክፍሉ መዘጋት አልነበረም። አንድ ሰው ጎደለ ብላችሁ አሥራ አንድ ልጆች በትናችኋል፤ መምህርት አባርራችኋል። የተበተኑት ልጆች ይሰብሰቡ። መምህርቷ ትመለስ። የክፍሉ ሰዓት ከፊዚክስ ጋር እንዳይጋጭ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ያን ጊዜ ልጄም ትገባበታለች።

እሷን አንቆጥርም፣ በሌላ ትምህርት ተመዝግባለች የምትሉ ከሆነ፣ ለጎደለው ወንበር የእኔን ስም መዝግቡ። ወላጅ መማር አይችልም የሚል አንቀጽ ካለ አንቀጹን ጥቀሱልኝ፤ እኔ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ፈልጌ አላገኘሁትም። በመጀመሪያው ቀን እገኛለሁ። እንደ ማንኛውም ተማሪ እቀመጣለሁ። ባለፈው እዚያ ክፍል ውስጥ የተናገርኩትን መምህርቷ ባለችበት ለመሰረዝ ዝግጁ ነኝ።

መልሳችሁን እስከ አርብ 27፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ እጠብቃለሁ። በስልክ እንዳትደውሉልኝ፤ አልሰማም። በጽሑፍ ይሁን።